የኖላዊት ካፖርት ገበር

በእኛ ከተማ ሰው ሲደውልልህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጤንነቱን አይደለም። «እስቲ ገበሩን» ነው የምትለው። የደወለው ሰው በብርሃን ምስል ሆኖ ሳሎንህ መሃል በቁመቱ ይቆማል፤ ጃኬቱን ከፍቶ ወይም የሹራቡን እጅጌ ገልብጦ ውስጡን ያሳይሃል። ስፌቱን ታያለህ፣ የተንጨባረረ ክር ታያለህ፣ «እሺ፣ እንዴት ነህ ታዲያ?» ትላለህ። ወሬው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ከወልድያ ስትደውል ይሄን ስጠይቃት ትቆጣለች። «ሞተሻል ወይ ነው የምትይኝ? ሟርተኛ!» ትለኛለች፤ ግን የቀሚሷን ጫፍ አጥፋ ታሳየኛለች። እሷም በተራዋ የእኔን ሳታይ አትዘጋም።

ይሄን ልማድ ያመጣነው እኛ ነን። እኛ የምለው መርዶ ማቆያ በሚባለው ድርጅት የምንሠራውን ሰዎች ነው። ሰው ይሞታል። ቤተሰቡ ይሰበሰብና «ለእናቱ አሁን አይነገርም፣ ገና ከኦፕሬሽን መውጣቷ ነው» ይባላል። ይሄ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችንም ፈተና ላይ ላለ ልጅ፣ ለአራስ፣ ለበሽተኛ መርዶ አይናገሩም ነበር። «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው»፣ «ኔትወርክ የለም» እየተባለ ትንሽ ይቆይና አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። አሁን ግን ኔትወርክ የለም ብሎ ነገር የለም። ሰው ካልደወለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ሟቹ መደወል አለበት፤ ማቆያው አስመስሎ ሠርቶት ያስደውለዋል። መጀመሪያ «እናቱ እስክትድን» ይባላል። እናትየው ስትድን «ክረምቱ ይለፍ»፣ ክረምቱ ሲያልፍ «በበዓል እንዴት ይነገራል» ይባላል። እዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ ልጃቸው መሞቱን ሳይሰሙ፣ ልጃቸውን «ደህና ሁን» ብለው የሞቱ ሰዎች አሉ። ቤተሰቦቻቸው ይሄን ሲያወሩ እንደ ጽድቅ ይቆጥሩታል።

ድምፁን የሚሠሩ አሉ፣ ወሬውን የሚሠሩ አሉ። የእኔ ሥራ ልብሱ ነው። ማሽኑ ከውጭ የሚታየውን አካል ሠርቶ፣ ልብሱን በልኩ ሰፍቶ ይሰጠኛል፤ ጨርቁን ጨርቅ የማስመስለው እኔ ነኝ። ሽመናውን፣ ጭምድዱን፣ የታጠበበትን፣ የተለበሰበትን። ንጹሕ ልብስ ጥሩ ነው ብለህ አትሳሳት፤ የሚያስጠረጥረው ንጹሕ ልብስ ነው። ኪሱ አፍ ላይ የእጅ ወዝ፣ አንገቱ ላይ የላብ ቢጫ፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ክር ከሌለ እናት አንዴ አይታ ትለየዋለች። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አስረጀዋለሁ፤ ማንም ያልለበሰውን ልብስ። አንድ ጊዜ ለአንድ ልጅ ሹራብ ክርኑ ላይ ቀዳዳ አወጣሁለት፤ ልጁ ከሞተ ቆይቷል። በሚቀጥለው ጥሪ እናቱ «አንተ ልጅ፣ ያንን ቡትቶ አሁንም አልጣልከውም?» ብለው ሲቆጡት ሰማሁ። ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው በደስታዬ ያፈርኩት።

የሚደውሉትን ሟቾች ሞዴል ነው የምንላቸው፤ ቤተሰብ ግን በስማቸው ነው የሚጠራቸው። ድሮ ከውጭ ብቻ ነበር የምንቀባቸው፤ ውስጣቸውን ማን ያያል ብለን። አንዲት የሐርቡ ሴት ግን ባሏ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል በሸሚዙ አንገት ወደ ውስጥ አየች። ደረት አልነበረውም። በአንገቱ ክፍተት ውስጥ አሻግራ ያየችው የራሷን ሶፋ ነው። ወሬው አገር አዳረሰ። «እስቲ ገበሩን» የተጀመረው ያኔ ነው። አለቃችን አቤኔዘር ደግሞ ሰብስቦን «ከዛሬ ጀምሮ ውስጡም ይቀባል» አለን። የሰው ጥርጣሬና የእኛ ሥራ እንዲህ እርስ በርስ እየተሳደዱ ነው የሚኖሩት።

እትዬ ቤቲ ወደ ሥራ ቦታዬ የመጡት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ከወንድማቸው ከጋሽ ሮቤል ጋር ከእኔ ቤት ማዶ ይኖራሉ። ጋሽ ሮቤል ዕድሜያቸውን በጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው ቀድማ የሞተችባቸው፣ አሁን ልባቸው ውስጥ ማሽን ተተክሎላቸው በረንዳ ላይ የሚውሉ ሰው ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ኖላዊት። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ትጠግን ነበር። ከፍልሰታ በፊት ከማማው ላይ ወደቀች። እትዬ ቤቲና ጥቂት ዘመዶች ቀብረዋት ሲመለሱ መንገድ ላይ ፊታቸውን ታጥበው፣ ጥቁሩን በነጭ ለውጠው ነው ቤት የገቡት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት ጋሽ ሮቤል ብቻ ናቸው። ኖላዊት በየእሑዱ ትደውልላቸዋለች፤ ልብሷን የምሠራው እኔ ነኝ።

«ኤልዱ፣ ጉድ ፈልቷል፤» አሉኝ እትዬ ቤቲ ገና ሳይቀመጡ። «ጠርጥሯል።»

«ምን አሉ?»

«'በሞቴ ማለት ትታለች' አለኝ። እውነቱን እኮ ነው! ያቺ ልጅ 'በሞቴ ብላ'፣ 'በሞቴ መድኃኒትህን ውሰድ' ሳትል ወሬ ጨርሳ አታውቅም። እናንተ ጋ ያለችው አንድ ቀን አላለችም።»

ትክክል ናቸው። ሞዴሎቻችን ያንን ቃል እንዳይሉ ተደርገዋል። አንድ ጊዜ አንዱ ሟች እናቱን «በሞቴ ቅመሺ» ሲል፣ እውነቱን የምታውቅ እህቱ ሳሎን ውስጥ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። አቤኔዘር ቃሉን ከሁሉም ላይ አስነሳው። ሰው ያለዚያ ቃል እንደማይለምን ማን አሰበ!

«ታዲያ ባለፈው እሑድ ምን ቢላት ጥሩ ነው? 'ያንን የእኔን ካፖርት ልበሺና ገበሩን አሳዪኝ።' እሷ መቼም ብልጥ ናት፤ 'እንዲታጠብ ሰጥቼዋለሁ አባባ፣ ለእሑድ እለብስልሃለሁ' አለችው።» እትዬ ቤቲ ይሄን ሲሉ የልጅቷ ብልጠት አኩርቷቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ካፖርቱን ከፌስታል አወጡት። ከባድ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትከሻው በፀሐይ የነጣ የሾፌር ካፖርት ነው። ጋሽ ሮቤል ጡረታ ሲወጡ፣ «ተራራው ላይ ብርድ ይገልሻል» ብለው ለልጃቸው የሰጧት። ከፈትኩት። ገበር የለውም። በስፌቱ ዳር ዳር ላይ የተቆራረጠ ክር ብቻ ቀርቷል።

«ሐኪሞቹ ናቸው፤» አሉ እትዬ ቤቲ። «ሊያድኗት ሲጣደፉ በመቀስ ቀደዱት። የተረፈው ደም ነበር፤ እዚያው ጣሉት።»

«ቀለሙ ምን ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄው! የሰው ካፖርት ውስጥ ምን ብዬ አያለሁ? ጥቁር ይመስለኛል። ወይ ቡኒ። ኧረ አታስጨንቂኝ።» ነጠላቸውን ሰበሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኤልዱ፣ ልቡ አይችልም። ማሽኑ ራሱ ይቆማል ብለውኛል። እሷን ቀበርኩ፤ እሱን ደግሞ ከቀበርኩ ማን ቀረኝ? ሄደሽ አጫውቺውና ከራሱ አፍ አውጣጪው። ለአንቺ ይነግርሻል።»

ከቀብሩ ወዲህ እትዬ ቤቲ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። የት ያልቅሱ? ቤት ወንድማቸው አሉ፤ ደጅ ወጥተው ቢያለቅሱ ድምፃቸው ይሰማል። እሑድ እሑድ ከጋሽ ሮቤል አጠገብ ተቀምጠው «ኖላዬ፣ ከሳሽ እኮ!» እያሉ ይስቃሉ። ፊታቸው ሁለት ሰው የሚኖርበት ይመስላል። አሳዘኑኝ፤ እሺ አልኳቸው።

ሲሄዱ ኖላዊትን አስነሳኋት። እኛ ጋ ስትቆም አትናገርም፤ ትተነፍሳለች፣ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታዛውራለች። ካፖርቱን አለበስኳት። ትከሻውን አነጣሁት፣ እጅጌው ላይ የማማውን ግሪስ ቀባሁ፣ ኪሶቹን እጅ እንደሚገባባቸው አድርጌ አሰፋሁ። ከዚያ «ክፈቺው» አልኳት፤ ከፈተችው። በካፖርቱ ውስጥ የአቤኔዘር ጠረጴዛ ታየኝ፤ በላዩ ላይ የተተወ ግማሽ ሳንቡሳ ሳይቀር። ስንት ዘመን የሠራሁት ሥራ ነው፤ ያን ቀን ግን ማየት አልቻልኩም። «ዝጊው፣ ዝጊው» አልኳት። ዘጋችውና ፈገግ አለችልኝ።

ዓርብ ጠዋት የራሴን ካፖርት ክንዴ ላይ ጥዬ ማዶ ተሻገርኩ። ጋሽ ሮቤል በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከጡረታ በኋላም የሾፌር ኮፍያቸውን አላወለቁም።

«ጋሽዬ፣ ይሄ ካፖርቴ ገበሩ አልቆ አስቸገረኝ። ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻለኛል? እርስዎ ብርድ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

«ዘንድሮ ሰው ሁሉ ወሬው ገበር ሆነ፤» አሉ። «ተቀመጪ እስቲ።»

ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ስለ ካፖርት ሳይሆን ስለ ሚስታቸው ጀመሩ። «የኖላዊት እናት የሞተች ጊዜ እኔ ጋላፊ ድንበር ላይ ነበርኩ፤ ጭነት ይዤ። ጓደኞቼ ሁሉ ሰምተዋል። 'መንዳት ያቅተዋል፣ ይገለበጣል' ብለው ደበቁኝ። አብረውኝ በሉ፣ አብረውኝ ሳቁ። ለእሷ ሽቶ ገዝቼ፣ በየቦታው እየቆምኩ ለሰው እያሸተትኩ ነው የመጣሁት። ቤት ስገባ አፈር ከለበሰች ሰንብታለች። አልቀበርኳትም እኮ! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መሞቷ አይምሰልሽ። ያ ሳቄ ነው።»

«ለእርስዎ አስበው ነው ጋሽዬ።»

«አውቃለሁ። ለእኔ አስበው ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እዚያ ነው የምትሠሪው። እስቲ ንገሪኝ፤ ልጄ ደህና ናት?»

ይሄን ጥያቄ እንዴት እንደምንመልስ ያሠለጥኑናል። ዓይን አይሰበርም፣ ቶሎ አይመለስም፣ ስም ይጠራል። «ኖላዊት? ደህና ናት እንጂ ጋሽዬ። ምን ትሆናለች?» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ተደላድለው ተቀመጡና ድምፃቸው ተለወጠ፤ ጨዋታ የያዘው ሰው ሆኑ። «ገበር ነው ያልሽኝ? ገበር ማለት የእኔ ካፖርት ገበር ነበር! ቢጫ ነው፤ ደማቅ ቢጫ። ትልልቅ ቀይ አበባ አለበት። ጂቡቲ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ የቤቷን መጋረጃ ቆርጣ ነው የሰፋችልኝ።»

«አበባ? ለወንድ?»

«ሾፌሮቹ 'ሙሽራው' ይሉኝ ነበር! ምን ቸገረኝ፣ ይሞቃል። ከግራ ብብቱ ስር ደግሞ ተቀዶብኝ በአረንጓዴ ክር ጠቅሜዋለሁ። በራሴ እጅ፤ ወፍራም፣ አስቀያሚ ስፌት። አደራ እንዳትረሺው።»

በደስታ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። መጋረጃ! ይሄን የሚያህል ዝርዝር በነጻ የሚሰጥ ማን አለ? «እንዲህ ያለ ጨርቅ እፈልጋለሁ እንግዲህ፤» ብዬ ተነሳሁ።

«ይበቃሻል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ወሬው።»

«ይበቃኛል ጋሽዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን አይቻለሁ። ልጃቸው ናፍቃቸው ነው አልኩና ወደ ሥራዬ ሮጥኩ።

ያን ገበር እንደሠራሁት ሌላ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ቢጫውን በአንገቱ በኩል በላብ አጠየምኩት፣ አበባዎቹን ብብቱ ስር አደበዘዝኳቸው፣ መጋረጃ የነበረ ጨርቅ ስለሆነ በአንድ በኩል ፀሐይ የበላው አስመሰልኩት። አረንጓዴውን ስፌት ሳደርስ እጄን ሆን ብዬ አንቀጠቀጥኩ፤ መርፌ ያልለመደ ሾፌር እንዲመስል። አቤኔዘር መጥቶ አየና «አንቺ ልጅ፣ ይሄማ ከእውነቱ ይበልጣል» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ።

እሑድ እትዬ ቤቲ «እባክሽ ነይልኝ፣ ብቻዬን አልችልም» ስላሉኝ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነሱ ቤት ሄድኩ። እትዬ ቤቲ ከወንድማቸው አጠገብ፣ እኔ ከበሩ ጎን ተቀመጥን። ጋሽ ሮቤል ያለ ወትሯቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

ኖላዊት ምንጣፉ ላይ ቆመች። ካፖርቱን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች፤ ጸጉሯ በመሐል ሜዳ ንፋስ ይንቀሳቀሳል።

«አባባ! እንዴት ሰነበትክ? እትዬ ቤቲ፣ ወፍረሻል!»

«አንቺ ነሽ የከሳሽው!» አሉ እትዬ ቤቲ እየሳቁ። እጃቸው ግን የወንበሩን ጠርዝ ጨብጧል።

«ካፖርቱን ለበስሽልኝ፤» አሉ ጋሽ ሮቤል።

«ቃሌን መቼ አጥፌ አውቃለሁ?»

«እስቲ ገበሩን።»

ኖላዊት ቁልፎቹን ፈታችና ካፖርቱን በሁለት እጇ ከፈተችው። ቢጫው ሳሎኑን ሞላው። ቀይ አበቦቹ፣ የደበዘዙት፣ ከግራ ብብቷ ስር ያ አስቀያሚ አረንጓዴ ስፌት። «ይኸው!» አለች። እትዬ ቤቲ እፎይ ሲሉ ሰማኋቸው።

ጋሽ ሮቤል ወደ ገበሩ ብዙ አላዩም። አንዴ አይተውት ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«የእኔ ካፖርት ገበሩ ግራጫ ነበር፤» አሉኝ በዝግታ። «እንደማንም ሰው ካፖርት። መጋረጃም የለ፣ አበባም የለ። ዓርብ እለት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ለሌላ ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺ ብቻ።»

እትዬ ቤቲ «ሮቤል!» አሉ። እሳቸው አልሰሟቸውም።

«ኤልዳና፣ ንገሪኝ። በዚህ አንድ ነገር እንኳ እንደ ሰው ቁጠሩኝ።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። የኖርኩት ሳስቀረው ነው። በማለዳ ነው ይባላል፣ ሽማግሌ ይዞ ነው ይባላል፣ ቤተ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው ይባላል። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን፣ ሟቿ ፊት ለፊቴ ካፖርቷን ከፍታ ቆማ ነው የተናገርኩት።

«ኖላዊት አርፋለች ጋሽዬ። ከፍልሰታ በፊት። ከማማው ላይ ወድቃ።»

እኔና እትዬ ቤቲ ደረታቸውን አየን። ማሽኑ አልቆመም። ጋሽ ሮቤል ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሒሳቡ ልክ እንደሆነለት ሰው። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «ተቀብራለች?»

«ቀብሬያታለሁ፤» አሉ እትዬ ቤቲ። «በእጄ አፈር አልብሻታለሁ፣ ወንድሜ።» ይህቺን ቃል ሲናገሩ የሆነ ነገር ተበጠሰባቸው። ከፍልሰታ በፊት ጀምሮ ታምቆ የቆየው ጩኸት አንድ ላይ ወጣ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈው አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ደረታቸውን እየመቱ «ኖላዬ! ኖላዬ! ሳላለቅስልሽ! እየሳቅኩብሽ!» አሉ። ያለቀሱትን ልቅሶ በጆሮዬ ሰማሁ እንጂ መግለጽ አልችልም። አብሬያቸው አለቀስኩ። አፍሬም ነበር፣ ቀሎኝም ነበር።

ሰፈሩ ጩኸቱን ሲሰማ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነዋ! በሩ ተከፈተና ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን እያወለቁ ገቡ። ወንበር ወጣ፣ አግዳሚ ገባ። አንድ ሰው ጋሽ ሮቤልን ትከሻቸውን ይዞ «አይዞን፣ አይዞን» ይላል። ሳሎኑ ሞላ።

ከመሃል ኖላዊት ቆማለች። ጥሪውን የዘጋው ሰው የለም። ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሞዴል ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ጨዋ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለ ራሳቸው ሞት የሚነገረውንም እንዳይሰሙ ተደርገዋል። የሚያዩትን ግን ያያሉ። አልቃሾቹ በእሷ ውስጥ ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ማንም አላለፈም። ጎን ጎኗን እየዞሩ፣ አንዳንዱ «ይቅርታ» እያለ ነው የሚያልፈው። እሷ ካፖርቷን ቀስ ብላ ቆለፈች። በሩን አየች፣ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች፣ መሬት ላይ የተቀመጡትን አባቷን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

«አባባ፤» አለች። «ምነው ሰው በዛ? ማን ሞተ?»

ልቅሶው ተቋረጠ። አንዷ ሴትዮ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ቤቲ እንባቸውን በችኮላ ጠረጉ፤ ነጠላቸውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ ታች አወረዱ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች አዩና እነሱም አወረዱ። እኔም እጄ ወደ ነጠላዬ ሄዶ አገኘሁት።

ጋሽ ሮቤልን አየሁ። እውነቱን ይነግሯታል ብዬ ነበር። ለመስማት ያን ያህል የታገሉ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው በቀር ማን ይነግራታል? ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው ተነሱ። ፊታቸውን በእጅጌያቸው አበሱ። ወደ ልጃቸው ቀረቡና እጃቸውን አነሱ፤ ጉንጯ ጋ ሲደርስ አቆሙት።

«ማንም አልሞተም የእኔ ልጅ፤» አሏት። «ማኅበር ነው። ዛሬ ተራው የእኛ ነው።»

«ውይ፣ አስደነገጣችሁኝ እኮ!» ሳቀች። «እኔን ሳትጠሩ?»

«አንቺ ሩቅ ነሽ።»

«ለእኔ ድርሻ አስቀሩልኝ እሺ? እሑድ እደውላለሁ።»

«እሺ። ካፖርትሽን ደርቢ፤ ብርድ ነው።»

እጇን ለሁሉም አወዛወዘች። ሁላችንም፣ አግዳሚ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ አወዛወዝንላት። ጠፋች። የቆመችበት ቦታ ላይ ወንበር የሚያስገባ ሰው አልተገኘም።

ጋሽ ሮቤል ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ገበሩን ግራጫ አድርጊው፤» አሉኝ። «ለእሑድ።»

እሺ አልኳቸው። ከዚያ ልቅሶው ተመለሰ፤ ግን ሁላችንም ድምፃችንን ቀንሰን ነበር፣ እንዳትሰማ።